«መኪናዬ ያሞቃል፤ ኤሌክትሪክ ፋን ይገጠምልኝ»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪናው ቆየት ያለ ነው፤ ፋኑ በቺንጋ የሚዞር። ባለቤቱ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ሲጠጋ አይቶ ደንግጧል። አንድ ወዳጁ ደግሞ «ይህን አሮጌ ፋን አውልቀህ ኤሌክትሪክ አስገጥም፣ ትገላገላለህ» ብሎታል። ፋኑን ገዝቶ በብብቱ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። «ምን ሆነ?» ስለው «ያሞቃል» ይለኛል። «መቼ ነው የሚያሞቀው?» ስለው ዝም ይላል። እኔ ግን የዚህን ጥያቄ መልስ ሳልሰማ አንድ ብሎን አልፈታም።

«ኤሌክትሪክ ፋን ማሞቅን ያጠፋል»

ከሁሉም በላይ የሰለቸኝ ይሄ ነው። ፋን ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መኪናው ሲቆም ወይም ቀስ ብሎ ሲሄድ በራዲያተሩ (የሞተሩ ውሃ በሚቀዘቅዝበት ክፍል) መካከል አየር መሳብ። መኪናው በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ከፊት ይገባል። ያኔ ፋኑ ኖረም አልኖረም ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ስለዚህ መኪናው መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆም አሙቆ፣ መንገዱ ተከፍቶ ሲሄድ ጌጁ ከወረደ፣ ጥርጣሬው ወደ ፋኑ ነው። በክፍት መንገድ ሲፈጥን እያሞቀ፣ ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ደህና ከሆነ ግን ችግሩ ውሃው ላይ ነው። ራዲያተሩ በውስጥ ተደፍኗል፣ ወይም ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ መንገዱን የሚከፍተው ቫልቭ) ሙሉ በሙሉ አይከፍትም፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ምላሶች ተበልተዋል። የታችኛውን ጎማ ቱቦ የሚያይ ደግሞ ጥቂት ነው። እሱ በፓምፑ መሳቢያ በኩል ስለሆነ ሲያረጅና ሲለሰልስ፣ ሞተሩ ሲፈጥን ተጣብቆ ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲረጋ ተመልሶ ይነፋና ምንም ያልሆነ ይመስላል። አንድ ሰው ነዳጅ እየሰጠ እናንተ ቱቦውን ብታዩት በዓይናችሁ ሲጨመደድ ታገኙታላችሁ።

አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ፋኑን ከነካርቶኑ ይዞ መጣ። ስጠይቀው ከተማ ውስጥ ደህና ነው፣ ረጅም መንገድ ሲወጣ ነው የሚያሞቀው። ሞተሩን አሙቄ አጠፋሁትና የራዲያተሩን ፊት በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት። ከላይ ያቃጥላል፤ መሀሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ግን ቀዝቃዛ ነበር። እዚያ ውሃ አያልፍም ማለት ነው። ራዲያተሩ ወርዶ ሲከፈት ከቱቦዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በነጭ ዝቃጭ ተደፍነው ነበር፤ ቀጭን ሽቦ እንኳን አያስገቡም። ተጠረገ፣ ተገጠመ፣ ጌጁ ከመሀል ንቅንቅ አላለም። ካርቶኑን ሳይከፍተው መለሰው። ያን ዕለት የጠየቀውን ገጥሜ ብሸኘው ኖሮ ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ይሰነብትና ረጅም መንገድ ላይ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክፍል) ያጣምም ነበር።

ሁለት ነገር ደግሞ ከፋኑ በፊት እዩልኝ። የመጀመሪያው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳን ማለት መክደኛ ብቻ አይደለም፤ ግፊት ይይዛል። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላውን ውሃ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያን ሁሉ ያሳጣችኋል። ሁለተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተነስቶ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንተከተከ፣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በዓለም ያለ ፋን ሁሉ ቢሰበሰብ ይህን አያድንም።

«አሮጌው ፋን ስለማይረባ ነው አዲሶቹ መኪናዎች የተዉት»

አዲሶቹ የተዉት በአብዛኛው ሞተራቸው በአግድም ስለተቀመጠ ነው። ፑሌው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) ወደ ጎን ዞሮ ራዲያተሩ ፊት ለፊት ሲሆን ፋኑን በቺንጋ ማዞር አይመችም። በሞተር የሚዞር ፋን አየር በመሳብ ማንንም አያፍርም፤ ከባድ ጭነት የሚጎትቱ መኪናዎች ዛሬም የሚጠቀሙበት ለዚሁ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ራሱ ፋኑ ሳይሆን መሀሉ ላይ ያለው ክላቹ ነው። ውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለ፤ ከፊቱ የተጠቀለለችው ቀጭን ብረት የራዲያተሩን ሙቀት ስታገኝ ዘይቱን ትለቅና ፋኑ ከፑሌው ጋር ይያያዛል። ዘይቱ ሲፈስ ፋኑ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፉትና ፋኑን በእጅ አዙሩት። ከባድ ሆኖ ወዲያው ከቆመ ጤነኛ ነው። እንደ ልቡ ደጋግሞ ከዞረና ዙሪያው ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ምልክት ካለ ክላቹ ሞቷል። ክላቹን መቀየር ከሙሉ ለውጥ እጅግ የቀለለ ሥራ ነው፤ ሽቦም ሪሌም (በትንሽ ጅረት ታዞ ትልቁን ጅረት የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች) አይፈልግም።

«ነዳጅ በጣም ይቆጥባል፣ ጉልበትም ይጨምራል»

ትንሽ እውነት አለው። ፋን ሲፈጥን የሚበላው ኃይል በኩብ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ክላች የሌለው፣ ከፑሌው ጋር በቀጥታ የታሰረ ፋን በከፍተኛ ዙር በከንቱ ጉልበት ይበላል፤ እሱን ማውለቅ ይሰማል። ባለ ክላች ከሆነ ግን በፍጥነት ስትሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚለቅ የምታተርፉት ጥቂት ነው። ኤሌክትሪኩም ከሰማይ አይወርድም። 20 አምፔር የሚወስድ ፋን በ13.5 ቮልት 270 ዋት ይፈልጋል፤ ያን ለማመንጨት አልተርኔተሩ ከሞተሩ ወደ 500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ትርፉ ፋኑ የሚሠራው ሲያስፈልግ ብቻ በመሆኑ ነው።

«ሁለት ሽቦና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃዋል»

አንድ ቀን በጭስ ሽታ የመጣ መኪና ነበር። ዳሽቦርዱን ስከፍት የማብሪያው ፕላስቲክ ቀልጦ ወደ ታች ተንጠባጥቧል፤ የፋኑ ቀጭን ሽቦ ልባሱ ቡናማ ሆኖ ከጎኑ ካለው የመብራት ሽቦ ጋር ተጣብቋል። ስለያቸው ልባሱ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ፊውዝ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሰውየው ከልጆቹ ጋር ነበር የመጣው፤ እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ፋን ሲነሳ ለአፍታ ከተጻፈለት አምፔር ሁለትና ሦስት እጥፍ ይስባል። ያ ጅረት በዳሽቦርድ ማብሪያ ማለፍ የለበትም። ሪሌ ይገባል፦ 30 ቁጥር ከባትሪው በፊውዝ በኩል፣ 87 ወደ ፋኑ፣ 85 እና 86 የሪሌው ማዘዣ ናቸው። ለ20 አምፔር ፋን 30 አምፔር ፊውዝና ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አድርጉ፤ የማሳውም (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው) ሽቦ ያንኑ ያህል ይወፍር። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፤ ፋኑ ጋ ከተቀመጠ መሀል ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለም።

ማዘዣውንም ለሰው አትተዉት። ሰው ይረሳል። በውሃው መስመር ላይ የሚታሰር የሙቀት ስዊች አለ፤ ከራዲያተሩ ክንፎች መሀል የሚሰካው ሽቦ ግን ስለሚንሸራተት አልወደውም። ስዊቹ ፋኑን ማስነሳት ያለበት ቴርሞስታቱ ከሚከፍትበት በላይ ባለ ሙቀት ነው። ቴርሞስታቱ በ82 ከከፈተ ፋኑ በ95 ተነስቶ በ88 አካባቢ ቢያቆም ጥሩ ነው። ሞተሩ ላይ የታሰረ ስዊች በ80 እንዲነሳ ከተደረገ ግን ፋኑ አንዴ ከተነሳ ማረፊያ የለውም።

«አልተርኔተሩ ይችለዋል»

የቆዩ መኪናዎች አልተርኔተር ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 አምፔር ነው፤ ያውም ሞተሩ ሲፈጥን። በሚኒሞ ግማሹንም ላይሰጥ ይችላል። ፋኑ በብዛት የሚሠራው ደግሞ በሚኒሞ ነው። ማታ፣ በዝናብ፣ ተሰልፋችሁ ስትቆሙ የፊት መብራቶቹ ብቻቸውን 9 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ ዋይፐርና የውስጥ ማሞቂያ ይጨመራሉ፤ በዚያ ላይ 20 አምፔር ፋን። ጎዶሎውን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ለውጡን ከወሰናችሁ የአልተርኔተሩን ሰሌዳ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ሌሎቹን ላሳጥር።

«ከፊትም ከኋላም ቢገጠም ያው ነው።» አይደለም፤ ከኋላ ሆኖ የሚስበው ይበልጣል፣ ከፊት የሚገፋው ስትሄዱ ነፋሱን ይጋርዳል።

«ሽቦውን ገልብጠህ አቅጣጫውን ቀይረው።» ይዞራል፣ ግን ምላሶቹ ለአንድ አቅጣጫ የተጠማዘዙ ስለሆኑ ይዳከማል። ፋኑ ሲሠራ ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት አስጠጉ፤ ካልተለጠፈ አቅጣጫው ተሳስቷል ወይም ደክሟል።

«ዙሪያውን የሚከብበው ሽፋን ጌጥ ነው።» ያለ እሱ ፋኑ አየር የሚስበው ከፊቱ ካለው ክብ ብቻ ነው፤ ማዕዘኖቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ።

«በፕላስቲክ ማሰሪያ ራዲያተሩን በስቶ ማሰር ይቻላል።» በንዝረት ቱቦውን በልቶ ያፈሰዋል፤ ከብረት ፍሬሙ ጋር ይታሰር።

«ቴርሞስታቱንም አብረህ አውጣው።» በፍጹም። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

አሮጌውን ስታወልቁ አንድ ነገር አደራ። በብዙ ሞተሮች ላይ የፋኑ ብሎኖች የውሃ ፓምፑን ፑሌም ይይዛሉ። ፋኑ ሲወጣ ብሎኖቹ በፋኑ ውፍረት ልክ ይረዝማሉ፤ እስከ ጥግ ሲጠብቁ ፓምፑን የሚነኩበት ወይም ፑሌውን ሳይዙ የሚቀሩበት ሞተር አለ። አጭር ብሎን ፈልጉ።

ሲያልቅ መኪናውን አቁማችሁ መብራቱን አብርታችሁ 20 ደቂቃ በሚኒሞ አሠሩት። ፋኑ ራሱ ተነስቶ ራሱ ማቆም አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሲደጋግመው ጠብቁ። ፋኑ እየሠራ ባትሪው ላይ ቮልቴጁን ለኩ፤ ከ13 በታች ከወረደ አልተርኔተሩ አልቻለም። ተነስቶ የማያቆም ከሆነ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱና ራዲያተሩን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፤ ከዚያ በፊት ግን የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሳያስጠነቅቅ ይነሳል።