ባጂ ማራባት፦ የላባው ቀለምና የጫጩቱ ጤና

ባጂ (ሙሉ ስሟ ባጀሪጋር) የአውስትራሊያ ትንሽ በቀቀን ናት። ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። የዱሯ ክብደቷ ከ30 እስከ 40 ግራም ቢሆን ነው። የዱር ባጂ መልኳ አንድ ነው። ሆዷ አረንጓዴ፣ ፊቷ ቢጫ፣ ጀርባዋ በጥቁርና በቢጫ የተሰመረ። ዛሬ በየቤቱ የሚታዩት ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ግራጫና ወይን ጠጅ ባጂዎች በሙሉ ሰው በኬጅ ሲያራባ የወጡ ናቸው።

ኑሮዋ በአውስትራሊያ መሀል አገር፣ ደረቁ ምድር ላይ ነው። ቋሚ ሰፈር የላትም። ዝናብ የጣለበትን፣ ሣር ዘር የያዘበትን እየተከተለች በመንጋ ትዞራለች። የምትወልደውም ዝናቡን ጠብቃ ነው። ጎጆ አትሠራም፤ የባሕር ዛፍ ግንድ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ይበቃታል። ባሕር ዛፍን እኛም አሳምረን እናውቀዋለን፣ የመጣውም ከዚያው ከአውስትራሊያ ነው። እኛ ጋ ግን ለምሰሶና ለማገዶ በለጋነቱ ስለሚቆረጥ ወፍ የሚያስጠልል ቀዳዳ እስኪያወጣ አይቆይም። ለማንኛውም ይህን የዱር ኑሮዋን ማወቅ ለአርቢ ይጠቅማል። ኬጅ ውስጥ ያለች ባጂ የምትጠብቀው ምልክት ያው ነው፦ ረዘም ያለ ብርሃን፣ የተትረፈረፈ ምግብ፣ ጨለማ ያለ ቀዳዳ።

ሳይንሳዊ ገለጻዋን እ.ኤ.አ. በ1805 ያወጣው እንግሊዛዊው ጆርጅ ሾው ነው። በሕይወት ያሉ ባጂዎችን ወደ እንግሊዝ ይዞ የገባው ደግሞ የአእዋፍ አጥኚው ጆን ጉልድ ሲሆን ዓመቱ 1840 ነበር። ከዚያ በኋላ በመርከብ በብዛት ይጫኑ ጀመር። ኬጅ ውስጥ በቀላሉ መራባታቸው ሲታወቅ ገበያው ደራ። ዛሬ አውስትራሊያ የዱር ወፎቿ ለንግድ ከነሕይወታቸው እንዲወጡ አትፈቅድም። ስለዚህ በሌላው ዓለም ያሉት ባጂዎች ኬጅ ውስጥ የተወለዱ የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው።

ሰማያዊዋ ባጂ የታየችው በ1880 አካባቢ ቤልጂየም ውስጥ ነው። ለብዙ ዓመታት ብርቅ ሆና ቆየች። በ1920ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሀብታሞች ለእጮኛ ስጦታ ይሽቀዳደሙባት ስለነበር ዋጋዋ ሰማይ ነክቶ እንደነበር ይነገራል። በ1925 እንግሊዝ ውስጥ የባጂ አርቢዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዛሬም አለ። ለውድድር የሚቀርብ ባጂ ምን ዓይነት ራስ፣ ምን ዓይነት ትከሻ ሊኖረው ይገባል የሚለውን መለኪያ ያወጡት እንዲህ ያሉ ማኅበራት ናቸው። የውድድር ባጂ ከዱሯ ዘመዷ በጣም ትገዝፋለች። ግንባሯ ላይ ያለው ላባ ዓይኗን እስኪሸፍን ይረዝማል። እንደ እኔ ከሆነ ይህ ከልክ አልፏል። አርቢዎቹ ራሳቸው የእነዚህ ትልልቅ ወፎች እንቁላል ብዙ ጊዜ ጫጩት እንደማይዝ ያማርራሉ።

አሁን ወደ ቀለሙ። የባጂ አረንጓዴ ላባ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የለም። ያሉት ሁለት ቀለሞች ናቸው፦ ሜላኒን የሚባለው ጥቁሩና በቀቀኖች ብቻ የሚሠሩት ቢጫው። ሰማያዊ የሚመስለው የላባው ውስጣዊ አሠራር ብርሃንን በሚበትንበት መንገድ የሚፈጠር ነው። በዚያ ሰማያዊ ላይ ቢጫው ሲደረብበት አረንጓዴ ይሆናል። ቢጫውን ብታነሱት ሰማያዊ ይቀራል። ጥቁሩን ብታነሱት ደግሞ ሰማያዊውም አብሮ ይጠፋል፤ ከጀርባው ሜላኒን ከሌለ ብርሃኑ እንደዚያ አይታይምና። ያኔ የሚቀረው ቢጫው ብቻ ነው፤ ይህች ወፍ ሉቲኖ ትባላለች። ሁለቱም ከጠፉ ነጭ ወፍ ትወጣለች፣ አልቢኖ። የሁለቱም ዓይን ቀይ ነው።

ሰማያዊ መሆን ድብቅ ባሕርይ ነው። ጫጩቷ ሰማያዊ እንድትሆን ዘረመሉን ከእናትም ከአባትም መውሰድ አለባት። ከአንዱ ብቻ ከወሰደች አረንጓዴ ትሆናለች፣ ሰማያዊውን ግን ተሸክማ ትዞራለች። አርቢዎች እንዲህ ያለችውን «ስፕሊት» ይሏታል። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ሁለት ስፕሊት አረንጓዴዎች ሲጣመሩ ከጫጩቶቻቸው ሩብ ያህሉ ሰማያዊ ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። ሁለት ሰማያዊዎች ግን ሰማያዊ እንጂ አረንጓዴ አይወልዱም። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህን ዘረመል ለይተው አወጡት። ቢጫውን ቀለም የሚሠራው ኢንዛይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተለውጦ ሥራውን አቁሟል፤ ሰማያዊዎቹ ሁሉ የመጡት ከዚህች ለውጥ ነው።

የቀለሙ ድምቀትም የራሱ ሕግ አለው። «ዳርክ» የሚባል ዘረመል አለ፤ እሱ ድብቅም ሙሉ ገዢም አይደለም። አንድ ካላት አረንጓዴዋ ጠቆር ትላለች፤ ሁለት ካላት የወይራ ቀለም ትሆናለች። በሰማያዊዎቹ ዘንድ ደግሞ ተራው ሰማያዊ በአንድ ዳርክ ኮባልት፣ በሁለት ወደ ግራጫ የሚያደላ ሞቭ ይሆናል። ኮባልት የሚወድ ሰው ሁለት ኮባልት ማጣመር ይቀናዋል። ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው። ተራ ሰማያዊን ከሞቭ ጋር ቢያጣምር ግን ጫጩቶቹ በሙሉ ኮባልት ይወጡለት ነበር። ግራጫና ስፓንግል (የክንፍ ላባዋ ጠርዝ ብቻ የሚጠቁርበት) የሚባሉት ደግሞ ገዢ ናቸው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረሱም ይታያሉ።

አዲስ አርቢን የሚያምታታው ከፆታ ጋር የተያያዘው ውርስ ነው። ነገሩ ከሰው ተቃራኒ ነው። በወፎች ዘንድ ሁለት አንድ ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም (ዜድ የሚባለው) ያለው ወንዱ ነው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ ናት። ኢኖ (ሉቲኖና አልቢኖ የሚወጡበት)፣ ሲናመን (ጥቁሩን ቡናማ የሚያደርገው) እና ኦፓሊን (የጀርባውን መስመር የሚያደበዝዘው) የሚባሉት ዘረመሎች ዜድ ላይ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ ሴት ለእነዚህ ስፕሊት ልትሆን አትችልም። አላት ወይ የላትም፣ በቃ። «ለሉቲኖ ስፕሊት የሆነች ሴት አለችኝ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወይ አላወቀም ወይ እየሸወዳችሁ ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጥሩ ጥቅም አለ። ሉቲኖ ወንድ ከተራ አረንጓዴ ሴት ጋር ከተጣመረ ሴት ልጆቹ በሙሉ ሉቲኖ፣ ወንዶቹ በሙሉ ስፕሊት አረንጓዴ ይሆናሉ። ገና እንደተፈለፈሉ፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ ከቆዳው ሥር ቀይ ዓይን የሚታይባቸው ሴቶች ናቸው። ጥምረቱ ከተገለበጠ ግን፣ ማለትም አባት ስፕሊት ያልሆነ አረንጓዴ እናት ሉቲኖ ከሆኑ፣ አንድም ሉቲኖ አይወለድም።

«ሩብ» እና «ግማሽ» ስንል ታዲያ በአንድ ጎጆ ውስጥ ተቆጥሮ የሚሰጥ አይደለም። እያንዳንዱ እንቁላል እንደ አዲስ የሚወረወር ሳንቲም ነው። አምስቱም አረንጓዴ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ ስሌቱ ተሳሳተ ማለት አይደለም። ከቀለም ጋር ሳይያያዝ አብሮ የሚመጣ ክፉ ውርስም አለ። «ፌዘር ደስተር» የምትባለው ጫጩት ላባዋ ማደግ አያቆምም። ተንጠባርሮ ዓይኗን ይሸፍናል፣ መብረር አትችልም፣ ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላት ትሞታለች። ድብቅ ባሕርይ ስለሆነ የእሷ እናትና አባት ሁለቱም ተሸካሚዎች ናቸው። እነሱን ዳግም ማጣመር አይገባም።

ለማራባት ወንድና ሴት መለየት ያስፈልጋል። ከምንቃሩ በላይ አፍንጫው ያለበት ሥጋ በጎልማሳ ወንድ ሰማያዊ፣ በሴት ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ነው። በሉቲኖና በአልቢኖ ወንዶች ግን ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ባጂ በአራትና በአምስት ወሯ እንቁላል መጣል ትችል ይሆናል፤ ዓመት እስኪጠጋት መጠበቅ ግን ይሻላል። ለጋ ሴት እንቁላል ማሕፀኗ ላይ ሊቀርባት ይችላል። ያኔ ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ ትቀመጣለች፣ ታምጣለች። ሙቀት ያስፈልጋታል፣ ሐኪም ካለ ካልሲየም ይሰጣታል። በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ስለምትችል ነገን መጠበቅ የለም። መከላከያው ቀላል ነው፦ የኩትልፊሽ (የባሕር እንስሳ) አጥንት ወይም ተቀቅሎ የደረቀና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ሁልጊዜ ኬጁ ውስጥ ይኑር።

ሴቷ አንድ ቀን እየዘለለች ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል ትጥላለች። የምትታቀፈው እሷ ብቻ ናት፤ ወንዱ ምግብ እያመጣ ያጎርሳታል። እያንዳንዱ እንቁላል 18 ቀን ገደማ ይፈጃል። የሚፈለፈሉትም እንደተጣሉት በየተራ ነው። የመጨረሻዋ ስትወጣ የመጀመሪያዋ የሳምንት ትልቅ ናት። ትንሿ የምትረገጠውና ሳትጎርስ የምትቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ብልህ አርቢ ሁለት ሦስት ጥንድ በአንድ ሳምንት ያስጀምርና ኋላ ቀሯን እኩያዎቿ ወዳሉበት ጎጆ ይወስዳታል። ባጂ ከጫጩቶቿ ጋር ጎጆዋ ውስጥ የተጨመረላትን የሌላዋን ጫጩት አትጠላም። ጥንዶቹን ግን በየኬጃቸው መለየት ጥሩ ነው። ብዙ ሴቶች አንድ ቦታ ሲሆኑ በጎጆ ይጣላሉ፣ የሌላዋን ጫጩት እስከመግደል ይደርሳሉ።

ጫጩት ስትወጣ ዕውርና ራቁት ናት። ዓይኗ በአሥር ቀን ገደማ ይገለጣል። ጤንነቷን ለማወቅ አንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ማየት ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ ምግቡ ከውጭ ይታያል። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ባዶ የሆነባት ጫጩት እየተጎዳች ነው። ሞልቶ የማይጎድልባትም እንዲሁ፤ ይህ የኢንፌክሽን ምልክት ነው። በእጅ የሚያጎርስ ሰው ምግቡን ከ39 እስከ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ያድርገው። ከዚያ ቢቀዘቅዝ አይፈጭም፣ ቢሞቅ ከረጢቱን ያቃጥላል።

ብዙዎች የሚረሱት ምንቃሩን ነው። ምግብ ላይኛው ምንቃር ውስጥ ደርቆ ሲጠራቀም ምንቃሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ታችኛው ቀድሞት ያድጋል። በሁለት ቀን አንዴ በለዘበ የጥርስ እንጨት ማጽዳት ይበቃል። እግር ላይ የሚደርቀው ኩስም በለብታ ውሃ ርሶ መነሳት አለበት፤ በደረቁ ከተጎተተ ጣት ሊቆርጥ ይችላል።

እግሮቿ ግራና ቀኝ ተዘርግተው የምትሳብ ጫጩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጎጆው ወለል ጥፋት ናት። ወለሉ ልሙጥ ከሆነ እግር አይይዝም። መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ሻካራ እንጨት ላይ ሰጋቱራ ቢነሰነስበት ችግሩ ይቀንሳል። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታየ ሁለቱን እግሮች በትክክለኛ ርቀታቸው በለስላሳ ፕላስተር አገናኝቶ ማቆየት ብዙ ጊዜ ያስተካክላል። አጥንቱ ከጠና በኋላ ግን አይመለስም። እናቲቱ ቀለብ ላይ ካልሲየም ካጣችም ይኸው ይመጣል።

ከበሽታዎቹ ሁሉ አርቢን የሚያስለቅሰው የፖሊዮማ ቫይረስ ነው። ከሁለት ሳምንት በታች ያሉትን ሆዳቸውን አሳብጦ ድንገት ይገድላል። የተረፉት በአምስተኛው ሳምንት ከጎጆ ሊወጡ ሲሉ የክንፍና የጅራት ላባቸው ይረግፋል። መብረር አቅቷቸው ወለል ላይ ይሮጣሉ። አርቢዎች ይህን «ፍሬንች ሞልት» ይሉታል፤ በቀቀኖችን የሚያጠቃው የምንቃርና የላባ በሽታ ቫይረስም ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። መድኃኒት የለውም። ማራባቱን ለብዙ ወራት ማቆም፣ የጎጆ ሳጥኖቹን ማቃጠል፣ ኬጁን በጸረ ተሕዋስያን ማጠብ ነው ያለው። የሚጨክን ጥቂት ነው፤ በሽታው በየገበያው የሚዞረውም ለዚህ ነው።

ጎልማሳ ባጂ እየበላች የምትከሳ ከሆነ ጨጓራዋን የሚያጠቃ የእርሾ ዓይነት ተሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ኩሷን በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ምንቃሯ ዙሪያ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነጭ ቅርፊት ካወጣች ደግሞ ቅንቅን ነው። አይቨርመክቲን ያድነዋል፣ መጠኑን ግን በግምት ማድረግ ወፏን ይገድላል። ሚሌት ማለትም የዳጉሳ ዘመድ የሆነው ጥቃቅን እህል ብቻውን አይበቃትም። ቫይታሚን ኤና አዮዲን ይጎድላታል። ጎመን፣ ካሮትና የተቀቀለ እንቁላል ይጨመር፤ አቮካዶና ቸኮሌት መርዝ ናቸው።

ሳንባዋ ለጭስ ደካማ ነው። ከሰል ተያይዞ ቡና የሚፈላበት፣ እጣን የሚጨስበት ክፍል ለኬጅ አይሆንም። ከመጠን በላይ የጋለ የቴፍሎን መጥበሻ የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ በደቂቃዎች ይገድላታል።

ወደ ሰው የሚተላለፈው በሽታ ፒሲታኮሲስ ነው። በ1929 እና 1930 ከበቀቀን ንግድ ጋር ተያይዞ በብዙ አገሮች ሰው ገድሏል። ዛሬ ዶክሲሳይክሊን በሚባለው አንቲባዮቲክ ይታከማል። የደረቀ ኩስ አቧራ መተንፈስ ነው የሚያስይዘው። ስለዚህ ኬጁ ሲጸዳ መጀመሪያ ይርጠብ፤ ጠራጊውም ማስክ ያድርግ። አዲስ የተገዛች ወፍ ቢያንስ አንድ ወር በሌላ ክፍል ለብቻዋ ትቆይ። ከአርቢዎች አንዱ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘውም ለሐኪሙ ወፍ እንደሚያረባ ይንገረው፤ ካልተነገረው ሐኪሙ ተራ የሳንባ ምች ብሎ ሊያልፈው ይችላል።