ቁልፉ በፖስታ አይመጣም

ሐዋሳ ውስጥ ጀርመንኛ አስተምራለሁ። ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ተማሪዎቼ ከፊሉ ለነርስነት ሥልጠና፣ ከፊሉ ለማስተርስ ጀርመን የሚሄዱ ናቸው። ሰዋስው ላይ ያልገባቸውን ይጠይቁኛል፤ እዚያ ስለሚከራዩት ቤት ስናወራ ግን የሚጠይቅ የለም። ሁሉም የሰማውን ይዞ ይመጣል፤ የአጎቱ ልጅ ነግሮታል፣ ቴሌግራም ላይ አንብቧል። እንግዲህ የሚሉኝንና እውነቱን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ።

«ቤቱን እዚሁ ሆኜ እይዛለሁ፤ ስደርስ ቁልፍ ተቀብሎ መግባት ብቻ ነው።»

ዕድሜዬን የሚያሳጥረው ይሄኛው ነው። ባለፈው ክረምት አንዷ ተማሪዬ ክፍል ሳይጀመር መጥታ «ቲቸር፣ ሙኒክ ቤት አገኘሁ!» ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። 65 ካሬ፣ መሃል ከተማ፣ ዕቃው የተሟላ፣ መብራትና ኢንተርኔት ጨምሮ በወር 480 ዩሮ። ሙኒክ በኪራይ ውድነት ከጀርመን ከተሞች ቁንጮዋ ናት፤ በዚያ ዋጋ ከሰው ጋር የሚጋሩት አንድ ክፍል ማግኘትም ዕድል ይጠይቃል። ባለቤት ነኝ ባዩ ለንደን የሚሠራ ሐኪም ነው አሉ። ቤቱን ለማሳየት አይመቸውም፤ የሁለት ወር ከተላከለት ግን ቁልፉን በፖስታ ይልካል፤ ቤቱን ካልወደደችው ገንዘቧ ይመለሳል። እንድታምነው የፓስፖርቱን ፎቶ ሳይቀር ልኮላታል። (ከእሷ በፊት የተበላ ምስኪን ፓስፖርት ሳይሆን አይቀርም። የእሷንም ጠይቋት ነበርና።)

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሶፋው ያምራል፣ መጋረጃው ያምራል። አልጋው ራስጌ ያለውን ሶኬት በጣቴ አጉልቼ «ስንት ቀዳዳ አለው?» አልኳት። ሦስት፤ ሦስቱም ጠፍጣፋ። የእንግሊዝ ሶኬት ነው። የጀርመኑ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለው ክብና ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ዝም አለች። ቆይታ ቀስ ብላ፣ «ሪያድ ያለችው እህቴ ትናንት ልካለታለች» አለችኝ። 960 ዩሮ። እህትየው ሰው ቤት ተቀጥራ ነው የምትሠራው።

ይህችው ልጅ አቶቴ አካባቢ አንዲት ክፍል ስትከራይ ደላላውን ሦስት ቀን በባጃጅ አንከራትታዋለች። ቧንቧውን ከፍታ ውሃ መኖሩን አይታለች፣ የግቢው በር ማታ ስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ ጠይቃለች፣ ሽንት ቤቱን ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ቆጥራለች። በብር ሲሆን እንዲህ ዓይኗን የምትገልጥ ልጅ በዩሮ ሲሆን ምን ነካት? «ፈረንጅ አያጭበረብርም» የምትል ነገር ውስጣችን ተቀምጣለች። ያጭበረብራል። ደግሞስ ከስልኩ ወዲያ ያለው ፈረንጅ መሆኑን ማን አየ?

ሳይታይ አይከፈልም፤ በቃ። እናንተ መድረስ ካልቻላችሁ በዚያ ከተማ የምታውቁት ሰው በእግሩ ሄዶ፣ በሩን አስከፍቶ፣ ገብቶ ይይላችሁ። እሱም ካልተገኘ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን ማረፊያ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሆስቴል ወይም ለእረፍት የሄደ ተማሪ ለአጭር ጊዜ የሚያከራየው ክፍል ሊሆን ይችላል። ዋናውን ቤት እዚያው ሆናችሁ ትፈልጋላችሁ። ለተማሪዎች መኖሪያ የቅበላ ደብዳቤያችሁ በደረሰበት ዕለት አመልክቱ፤ «ዩኒቨርሲቲው ራሱ ዶርም ይመድበኛል» የሚባለው የእኛ አገር ልማድ ነው፤ እዚያ በብዙ ከተማ ወረፋው ወራት ይፈጃል።

«ዘመድ ጋ ነው የማርፈው።»

እሰየው። ግን አንድ ነገር ጠይቃችሁታል? ጀርመን ውስጥ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ለዚህም ቤቱን የሰጠው ሰው የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። የግብር ቁጥራችሁ የሚላከው በዚያ አድራሻ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይም እሱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ዘመዳችሁ ደግሞ ራሱ ተከራይ ነው፤ ሌላ ሰው አስገብቶ ለማኖር የአከራዩን ፈቃድ ይሻል። «ኧረ ና፣ ቤትህ ነው» ብሎ በቪዲዮ የጠራችሁ ሰው ፊርማ ሲባል ድምፁ ይቀንሳል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ቤቱን እንዳያጣ ፈርቶ ነው። ይሉኝታውን ትታችሁ ትኬት ሳትቆርጡ «አድራሻህ ላይ ልታስመዘግበኝ ትችላለህ?» በሉት። እዚህ ሆኖ ማፈር ይሻላል።

«ችግሬን ብነግረው ያዝንልኛል።»

ለአከራይ የተጻፈ ደብዳቤ እንዳርም የሚሰጡኝ ብዙ ናቸው። «ከድሃ ቤተሰብ የተገኘሁ፣ በብዙ ፈተና ያለፍኩ...» ብሎ የሚጀምር ገጽ ተኩል አንብቤ አውቃለሁ። አከራዩ ከዚህ ውስጥ የሚያነበው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ኪራይ መክፈል አይችልም። አምስት መስመር ይበቃል። ማን ናችሁ፣ ምን ልትሠሩ ወይም ልትማሩ ነው የምትሄዱት፣ ገቢያችሁ ከየት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትፈልጉት፣ መቼ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የሥራ ውል ወይም ለቪዛ ብላችሁ በዝግ የባንክ ሒሳብ ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ የሚያሳየውን ማስረጃ አያይዙ። ሹፋ የሚባለውን የብድር ታሪክ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ አዲስ ገቢ ስለሆናችሁ ገና ታሪክ እንደሌላችሁ ጻፉና በምትኩ ሌላውን ማስረጃ አቅርቡ። በጀርመንኛ ጻፉ፣ ማስታወቂያው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ላኩ። ስለ ሕፃንነታችሁ ሌላ ቀን ትነግሩታላችሁ።

«500 ዩሮ ካለ 500 ዩሮ ነው።»

የትኛው 500? ካልትሚተ የሚባለው ባዶ ኪራዩ ነው፤ ቫርምሚተ ማሞቂያ፣ ውሃና ቆሻሻ የተጨመረበት ነው። መብራትና ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ናቸው፤ በዚያ ላይ በየቤቱ የሚከፈል የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ አለ፣ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም። የማሞቂያውም ሒሳብ ግምት ነው፤ ዓመቱ ሲዘጋ ተሰልቶ ወይ ይመለስላችኋል ወይ ትጨምራላችሁ። እኔ የመጀመሪያ ክረምቴን ማሞቂያውን ለኩሼ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ነበር የተኛሁት፤ የታፈነ ቤት አልወድም፣ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። በዓመቱ 340 ዩሮ ጨምር የሚል ደብዳቤ መጣ። ጀርመንኛዬ ገና ስለነበር መልካም ምኞት መስሎኝ ፍሪጅ ላይ ለጥፌው ነበር።

«ሁለት ክፍል ካለ ሁለት መኝታ ነው።» አይደለም፤ ሳሎኑም ይቆጠራል።

«ወጥ ቤት ይኖረዋል።» ላይኖረው ይችላል። ያለፈው ተከራይ ምድጃውን፣ ቁምሳጥኑን፣ የዕቃ ማጠቢያውን ሳይቀር ነቅሎ ይሄዳል፤ አምፖሉ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሎ ይጠብቃችኋል። የመጀመሪያዋን ሌሊት በስልክ መብራት ነው ያደርኩት።

«ለደላላ ይከፈላል።» ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደላላውን የቀጠረ ነው የሚከፍለው። አከራዩ የቀጠረው ደላላ ከእናንተ ኮሚሽን ከጠየቀ ሕግ ጥሷል። ለእኛ ሰው ይሄን ማሳመን ከባድ ነው።

«ጥቁር ስለሆንን አያከራዩንም።» ግማሹ እውነት ነው፣ አልዋሽም። ሕጉ ይከለክላል፣ ስማችንን አይቶ መልስ የማይሰጥ አከራይ ግን አለ። ብዙ ቦታ መጻፍ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

መያዣውን፣ ማለትም ስትገቡ አከራዩ ጋ የምታስይዙትን ገንዘብ በተመለከተ፣ «የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃሉ» የሚለው ከእኛው አከራዮች የተቀዳ ነው። በጀርመን ሕግ መያዣ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ አይበልጥም፤ ተከራዩም በሦስት ወርሃዊ ክፍያ ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው፣ የመጀመሪያው ኪራዩ ሲጀምር። ስትገቡ ግን እያንዳንዷን ጭረት ፎቶ አንሱ፣ የርክክቡ ወረቀት ላይ አስጽፉ። ስትወጡ ከመያዣው የሚቆረጠው በእሷ ነው። «ነገ እለቃለሁ» ብሎ መውጣትም የለም፤ በተለመደው ውል የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል።

«ቁልፍ ቢጠፋ አስቀርጻለሁ።» ነገሩ መናኸሪያው ጎን ቁልፍ እንደ ማስቀረጽ ቀላል አይደለም። በብዙ ሕንፃ የእናንተ ቁልፍ የጋራውንም በር፣ ምድር ቤቱንም ይከፍታል፤ ሲጠፋ የሕንፃው ቁልፎች በሙሉ ይቀየሩ ሊባልና ሒሳቡ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ሊሆን ይችላል። ሃፍትፍሊሽት የሚባል የኃላፊነት ኢንሹራንስ አለ፤ በወር ጥቂት ዩሮ ነው። ስትገቡበት የተከራያችሁትን ቤት ቁልፍ መጥፋት ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፣ ሁሉም አይሸፍኑም።