ያገለገለ ኮምቢ ለሥራም ለቤተሰብም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጀርመኖች ኮምቢ፣ እኛ ስቴሽን ዋገን የምንለውን መኪና ለሥራም ለቤትም ስጠቀምበት ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ እንጀራ ትጋግራለች፤ እኔ ጠዋት ጠዋት በፍራንክፈርትና በአካባቢው ላሉ ምግብ ቤቶችና ሱቆች አደርሳለሁ። ከሰዓት በኋላ በዚያው መኪና ሁለቱን ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሄድበታለን። መኪና ሊገዛ ሲያስብ ምክር የሚጠይቀኝ ወገን ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ሲነገር የሰማውን ስሕተት ይዞ ስለሚመጣ፣ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ኮምቢ የዕቃ መኪና ነው፤ ለቤተሰብ አይሆንም»

ይህ መኪና ከጥንቱም የተሠራው ለሁለቱም ነው። ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውን ስቴሽን ዋገን «ዱዌት» ብሎ የሰየመው፣ በሥራ ቀን ዕቃ የሚያመላልስ፣ በዕረፍት ቀን ቤተሰብ የሚያንሸራሽር ሁለት መኪና በአንድ ነው ለማለት ነበር። የሬሳ መኪና ይመስላል የሚሉም አሉ። ለእነሱ መልስ የለኝም፤ ልጆቹን ከነብስክሌታቸው ጭኜ ወንዝ ዳር ስወስዳቸው ግን እንዲህ ያለ ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ብዙ ዕቃ ለመጫን ከፍ ያለ መኪና ይሻላል»

ከፍታ ስፋት አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከቮልስዋገን፣ የወጡ ሁለት መኪናዎችን እናነጻጽር፦ ከፍ ያለው የመጀመሪያው ትውልድ ቲጓን የኋላ ዕቃ መጫኛው እስከ 470 ሊትር ይይዛል፤ ሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ቫሪያንት የተባለው ኮምቢ ግን ከመሬት ዝቅ ብሎ ሳለ 605 ሊትር ይይዛል። ከሊትሩ በላይ የሚሰማው ደግሞ ወገብ ነው። 25 ኪሎ የጤፍ ዱቄት እስከ ጉልበት ማንሳትና እስከ ወገብ ማንሳት ልዩነቱ የሚገባው በቀን አሥር ጊዜ ለሚያነሳ ሰው ነው።

ሆኖም ሊትርም ብቻውን አይታመንም። እኔ እንጀራ የምጭንበት የፕላስቲክ ሣጥን 60 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ያየሁት መኪና በወረቀት ላይ ሰፊ ነበር፤ ሣጥኖቹን ይዤ ሄጄ ስሞክር ግን ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ወደ ውስጥ የገባው ጉብታ ሁለቱን ጎን ለጎን አላስቀምጥ አለኝ። በሦስት ሴንቲ ሜትር! ሻጩ ሲገረም፣ እኔ በዚያች ሦስት ሴንቲ ሜትር ምክንያት ተሰናብቼው ሄድኩ። መኪና ሊገዙ ሲሄዱ ዕቃዎን ይዘው ይሂዱ፤ የልጆቹንም መቀመጫ ጭምር። ጀርመን ውስጥ ልጅ 12 ዓመት ወይም 150 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላው ድረስ በልጅ መቀመጫ መጓዝ ስላለበት፣ ከኋላ ሦስት መቀመጫ ጎን ለጎን መግባቱን የሚያረጋግጠው ሞክሮ ማየት ብቻ ነው።

«ቦታ እስካለ ድረስ ይጫናል»

ኮምቢ ላይ ከቦታው በፊት የሚያልቀው ክብደቱ ነው። የመኪናውን ወረቀት፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን፣ አውጥተው ይመልከቱ። ኤፍ በሚለው ፊደል ሥር የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት፣ ጂ በሚለው ሥር ደግሞ የመኪናው የራሱ ክብደት አለ። ለምሳሌ 1,920 እና 1,400 ቢሆኑ ልዩነቱ 520 ኪሎ ነው፤ ጂ ላይ ለሹፌሩ 75 ኪሎ አስቀድሞ ተይዟል። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች በድምሩ 120 ኪሎ ቢሆኑ የሚቀረው 400 ነው። አንድ እንጀራ 350 ግራም ቢመዝን 500 እንጀራ 175 ኪሎ ይሆናል። በዚያ ላይ ባለ 25 ኪሎ ዘጠኝ ከረጢት ዱቄት ሲጨመር፣ መጫኛው ገና ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ክብደቱ ልክ ሞልቷል። ፖርቶመጋላው ላይ ልጫን የሚል ደግሞ አብዛኛው ኮምቢ በጣሪያው ላይ የሚፈቀድለት ከ75 እስከ 100 ኪሎ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ከዚያው ከ520ው የሚቀነስ መሆኑን ይወቅ።

ሲጫን የኋላ ጎማ ንፋስም መጨመር አለበት። ልኩ በሹፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ወይም በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ተጽፏል።

«ዕቃው ከኋላ ስለሆነ ልጆቹን አይነካም»

ይህኛው ያስቆጣኛል፤ ምክንያቱም እኔም አምነው ነበር። አንድ ቀን የትራፊክ መብራት ላይ ድንገት ፍሬን ያዝኩ። አደጋ አልነበረም፤ ማንም አልነካኝም። ከኋላ ልቅ ብላ የተቀመጠች የቅቤ ቆርቆሮ ግን ተንሸራትታ የልጄን መደገፊያ ጓ አደረገችው። ልጄ ዞር ብላ «አባዬ፣ ምንድን ነው?» አለች። መንገዱን ዳር ይዤ ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና ቢጋጭ፣ ያልታሰረ ዕቃ ከ30 እስከ 50 እጥፍ ክብደቱን የሚያህል ጉልበት ይዞ ወደ ፊት ይወረወራል። 17 ኪሎ የሚመዝን የለስላሳ ሣጥን ከግማሽ ቶን በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ከመደገፊያው ጋር ተጣብቆ ይቀመጥ፤ በወለሉ ላይ ባሉት ቀለበቶች በገመድ ይታሰር፤ ከመደገፊያው ከፍታ በላይ የሚጫን ከሆነ መረብ ይዘርጋ። ከኋላ ሰው ከሌለ ሁለቱን የዳር ቀበቶዎች አመሳቅለው ያስሯቸው፤ መደገፊያውን ያጠነክራሉ። ያገለገለ ኮምቢ ሲገዙ መረቡ ከመኪናው ጋር መኖሩን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ባለቤት ጋራዥ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል።

«ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና አትግዛ»

የመጀመሪያው ኮምቢዬ ናፍጣ ነበር፤ በዕድሜው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ። ከዳቦ ቤት ቤት፣ ከቤት ሐኪም ቤት ሲመላለስ የኖረ ነው። ደስ ብሎኝ ገዛሁት፤ እኔም ከሱቅ ሱቅ አጭር አጭር መንገድ ነዳሁት። በወራት ውስጥ የጥላሸት ማጣሪያው ተደፈነ። ይህ ማጣሪያ የሰበሰበውን ጥላሸት አቃጥሎ የሚጸዳው ውስጡ ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ በአውራ ጎዳና ሳያቋርጡ መንዳት ያስፈልጋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ ማሳየቱ ለእኔ ጠላት እንጂ ወዳጅ አልነበረም። አሁን የያዝኩት ቤንዚን ነው፤ ስገዛው የመጀመሪያውን እጥፍ ሄዶ ነበር፤ ግን በረጅም መንገድ፣ ዘይቱ በጊዜው እየተቀየረ።

መጠየቅ ያለበት የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ነው። ቺንጋ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም ያረጃል፤ ከተበጠሰ በአብዛኛው ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለው ያስቡ፤ ዋጋውንም ቀንሰው ይደራደሩ። ቆጣሪ ወደ ኋላ መመለስ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ወንጀል ቢሆንም መጭበርበሩ አልቀረም። የድሮ የምርመራ ወረቀቶች ላይ ኪሎ ሜትሩ ስለሚጻፍ፣ ቁጥሮቹን በተርታ አስቀምጦ ማየት ነው።

«ቱቭ አለው፤ እንከን የለበትም»

ቱቭ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ ነው። በየሁለት ዓመቱ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ዝገቱን፣ ጭሱን ያያል። ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ መቃረቡን ወይም ቺንጋው ማርጀቱን አይነግርዎትም።

«በድርጅቴ ስም ብገዛው ይሻለኛል»

ይህን በጥንቃቄ ያስቡበት። ነጋዴ ለግል ተጠቃሚ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ለጉድለቱ ተጠያቂ ነው፤ «እንዳለ ተሸጧል» ብሎ ቢጽፍም አያመልጥም። ገዢው ድርጅት ከሆነ ግን ይህን ኃላፊነት በውል ማስቀረት ይችላል። የታክሱን ጥቅም ከዚህ ዋስትና ጋር አመዛዝኖ መወሰን የእርስዎ ነው። ለኢንሹራንሱም መኪናው ለሥራ እንደሚውል አይደብቁ።

«እንጀራ የተጫነበት መኪና ሽታው አይለቅም»

ሽታውን የሚያመጣው እንፋሎቱ ነው እንጂ እንጀራው አይደለም። ትኩስ እንጀራ ሲጫን መስታወቱ ጉም ይለብሳል፤ ውኃው ወርዶ ከወለሉ ሥር፣ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። እኛ እንጀራው በደንብ ሳይበርድ ክዳን ባለው ሣጥን አናስገባም። ቅዳሜ ማታ የወለሉን ክዳን አንስቼ ጉድጓዱን በጨርቅ አደርቃለሁ፤ የኋላውን በር ለአንድ ሰዓት ያህል ከፍቼ እተወዋለሁ። እሑድ ጠዋት ነጠላችንን ለብሰን ስንገባ የሚሸተን ባለቤቴ ያጨሰችው ዕጣን ነው።