የቧንቧ ውሃችንን ማን ይጠብቃል? ስለ ስቴት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ውሃ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል መንግሥቱ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው ግን፣ ከዋዮሚንግና ከዋሽንግተን ዲሲ በስተቀር፣ እያንዳንዱ ስቴት ራሱ ነው። የስቴቱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ በአብዛኛው የገዢው ሹም ነው። ስለዚህ ፖለቲካው ከቧንቧችን ያን ያህል አይርቅም። በዚህ ጉዳይ ደጋግመው የሚነገሩ የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የፖለቲካ ጣልቃ ገብነት ማለት አለቃው ደውሎ ‹ይህን ደብቁ› ሲል ነው»

እንዲህ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ማረሙም ቀላል ነበር። ሚሺጋን ስቴት ያለችውን ፍሊንት ከተማን እንይ። ከተማዋ በገንዘብ ችግር ላይ ስለነበረች፣ ሥልጣኑ የተያዘው ስቴቱ በሾመው የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በኤፕሪል 2014፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል፣ ከዲትሮይት የሚመጣው ውሃ ቀርቶ ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ተጀመረ። ውሃ ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመር ኬሚካል አለ። የስቴቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት ግን ይህ ለጊዜው አያስፈልግም አለ። ውሃው ያረጁትን ቧንቧዎች በላ፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት በየቤቱ ገባ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ውሃው የሞተር ዕቃ ያዝግብኛል ብሎ መጠቀሙን አቆመ። ሕዝቡ ግን አንድ ዓመት ሙሉ እሱኑ ጠጣ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንጠጋ። ከየቤቱ የተቀዱት ናሙናዎች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ይደረደራሉ። 90ኛው በመቶ ላይ ያለው ቁጥር በሊትር ከ15 ማይክሮግራም ካለፈ፣ ከተማው ለሕዝብ ማሳወቅና እርምጃ መውሰድ ግዴታው ነበር። በ2015 የመጀመሪያ ግማሽ ዓመት 71 ናሙናዎች ተሰበሰቡ። ውጤቱ 18 ሆነ። ከዚያ የስቴቱ ሠራተኞች ሁለት ናሙናዎች ከስሌቱ እንዲወጡ አደረጉ። አንዱ 104 ያሳየ ነበር። ውጤቱ ወደ 11 ወረደ።

ለሁለቱም ስረዛ «ሙያዊ» ምክንያት ተሰጥቷል፦ አንዱ ቤት ማጣሪያ አለው፣ ሌላው ደግሞ መኖሪያ ቤት አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ አለቆቹን የሚያስቸግር ውጤት ላለማምጣት ከለመደ፣ ሠራተኛው ማንም ሳያዝዘው ይገባዋል። ገዢው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ቡድን በማርች 2016 ዋናውን ኃላፊነት የጣለው በዚሁ መሥሪያ ቤት ላይ ነው።

«ስቴቱ ቢያጠፋ ፌዴራሉ ያርመዋል»

የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለሙያ ሚጌል ዴል ቶራል ስለ ፍሊንት ማስጠንቀቂያ የጻፈው በጁን 2015 ነው። የኤጀንሲው የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ የመጣው ግን በጃንዋሪ 2016 ነው። በመሃል ነገሩን ያፈረጡት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው፦ የቨርጂኒያ ቴክ ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስና የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሐና-አቲሻ። ሐኪሟ በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች ድርሻ በእጥፍ ገደማ መጨመሩን ስትናገር፣ ስቴቱ መጀመሪያ አጣጣላት፤ በቀናት ውስጥ ግን ትክክል መሆኗን አመነ።

ብዙ የሀገራችን ልጆች የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲም አለች። እዚያ ተቆጣጣሪው በቀጥታ ፌዴራሉ ነው። ሆኖም ከ2001 እስከ 2004 በከተማዋ ውሃ ውስጥ እርሳስ ከልክ በላይ ሲወጣ፣ ብዙው ነዋሪ ጉዳዩን ያወቀው በጃንዋሪ 2004 ከጋዜጣ ነው።

«ሹመቱን ከገዢው ወስዶ ለቦርድ መስጠት ይበቃል»

ይጠቅማል፤ አይበቃም። ዊስኮንሲን ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱን ኃላፊ የሚመርጠው ቦርድ ነበር። በ1995 ሥልጣኑ ወደ ገዢው ተዛወረ። ብዙዎች ይመለስ ይላሉ፣ እኔም እደግፋለሁ። ግን ቦርዱም ፖለቲካ ውስጥ ይገባል። በ2021 የአንድ አባል ዘመን አበቃ። የስቴቱ ሴኔት ተተኪውን ስላላጸደቀ ሰውየው አልወርድም አለ። በ2022 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ መቆየት ይችላል ሲል ወሰነ። ስለዚህ የአባላት ዘመን መቼ እንደሚያበቃና ወንበሩ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን በሕጉ ላይ ቁልጭ ብሎ መጻፍ አለበት።

«መሥሪያ ቤቱ ነጻ ይሁን ማለት ለማንም አይጠየቅ ማለት ነው»

አይደለም። በጀት መመደብ፣ የትኛው ችግር ይቅደም ማለት የተመራጮች ሥራ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ግን የማንም ተመራጭ ጉዳይ አይደለም። ውጤቱ ቃል አቀባዩ ጋ ከመድረሱ በፊት ለሕዝብ ይውጣ። ናሙና የሰረዘ ሰው ምክንያቱን በስሙ ይፈርም። እውነቱን የጻፈ ባለሙያም ከሥራ እንዳይባረር ሕግ ይጠብቀው።

«ተራ ሰው ምን ያደርጋል?»

በ2015 የፍሊንት ነዋሪዎች ራሳቸው ከ250 በላይ ናሙናዎች ቀድተው ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ላኩ። እናንተም ብትሆኑ የውሃ ድርጅታችሁ በየዓመቱ የጥራት ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለበት። በሪፖርቱ ላይ ስለ እርሳስ የሚናገረውን መስመር ፈልጉ። ስንት ናሙና ተወሰደ፣ ከስሌቱ የወጣ አለ ወይ፣ ለምን ወጣ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ በስቴታችሁ የመረጃ ነጻነት ሕግ ሰነዱን መጠየቅ ትችላላችሁ። ሕጉ የማንን ቢሮ እንደማይነካም ቀድማችሁ እዩ፤ የፍሊንት ጉዳይ ሲፈነዳ የሚሺጋን ገዢ ጽሕፈት ቤት በዚህ ሕግ አይገደድም ነበር።