የድሜጥሮስ ቁጣና የእኛ ድምፅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ሲነበብ ጆሯችን የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ በኤፌሶን ከተማ ጣዖት በአርጤምስ ላይ ነው። ምርጫ ሲመጣ ቁጡ መሪን እንዴት እንደምንሰማ ያስተምረናልና ዛሬ ድሜጥሮስን እንየው። ይህ ሰው የጣዖቲቱን ቤተ መቅደስ ምስል በብር እየሠራ የሚሸጥ ባለሙያ ነበር፤ የጳውሎስ ስብከት ገበያውን አቀዘቀዘበት። የሙያ ጓደኞቹን ሰብስቦ በመጀመሪያ ያነሣው የትርፋቸውን ጉዳይ ነው (ቁ. 25)። ነገሩን ወደ ጣዖቲቱ ክብር ያዞረው ከዚያ በኋላ ነው። የሰሙት በቁጣ ተሞሉ፤ ከተማው ተደበላለቀ፤ ሕዝቡ ግር ብሎ ወደ ቲያትሩ ገባ። ሉቃስ እንደሚነግረን አብዛኞቹ ለምን እንደ ተሰበሰቡ እንኳ አያውቁም ነበር (ቁ. 32)። ሳያውቁም ሁለት ሰዓት ያህል ጮኹ። ትርፉ የድሜጥሮስ፣ የጉሮሮው ድካም የሕዝቡ!

ሰሎሞን ከቁጡ ሰው ጋር ባልንጀራ አትሁን ሲል ምክንያቱንም ይናገራል፤ «መንገዱን እንዳትማር» (ምሳ. 22፥25)። ቁጣ ትምህርት ነው፤ መምህር አለው፣ ደቀ መዝሙርም አለው። ጠዋት ታክሲ ስንጠብቅ፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት በስልካችን የምንሰማው ፖለቲከኛ ባናውቀውም ባልንጀራችን ሆኗል።

የሰውን ስሜት የሚያጠኑ ምሁራን ፍርሃትንና ቁጣን ለይተው ያያሉ። የፈራ ሰው ይጠይቃል፣ መረጃ ያፈላልጋል። የተቆጣ ሰው ግን ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል፤ አደጋውም ያንስበታል። ቁጡ መሪ ደጋፊውን ከቤት ማስወጣት የሚቀናው ለዚህ ነው፤ ሰልፉ ይረዝማል፣ ጥያቄው ያጥራል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የፖለቲካ ክርክሮች በትዊተር ላይ የመረመረ ጥናት፣ ሥነ ምግባራዊ ፍርድን ከስሜት ጋር የቀላቀለ አንድ ቃል በተጨመረ ቁጥር የመልእክቱ ስርጭት 20 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ስርጭቱ ግን በአብዛኛው እዚያው በወገን መካከል ነበር። ወደ ተቃዋሚው ብዙም አልተሻገረም፤ የተቀባበሉት የራሱ ሰዎች ናቸው። እዚያው አገር የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በፖለቲካ የተቆጣ ሰው ከሌላው ወገን ለሆነ ጎረቤቱ ትንሽ ውለታ መዋል እንኳ እንደሚከብደው አመልክቷል።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ ለከተማው ዳር ነዋሪዎች ቀላል ነገር አይደለም። በየካ አባዶም ሆነ በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ ጎረቤቱን መርጦ የገባ የለም፤ በኮንዶሚኒየም ዕጣ ያገናኘን ሰዎች ነን። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ የመጣ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ያንኑ መሬት ሲያርስ የኖረ ቤተሰብ አለ። ቋንቋችንም አንድ ብቻ አይደለም። ሌሊት ልጅ ሲታመም መኪና የሚፈልግልን፣ ለቅሶ ሲደርስ የእድሩን ድንኳን የሚተክልልን ግን ይኸው ጎረቤት ነው። ቁጡ መሪ ከሁሉ በፊት የሚወስድብን እሱን ነው። ከዚያ «ለውሃችን ምን አስቧል?» የሚለው ጥያቄ ይረሳና «እነዚያን ያሳይልኛል?» የሚለው ይተካል። ውሃውም በፈረቃው ይቀጥላል።

ቁጣ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ጌታ በምኩራብ ሊከሱት የሚጠባበቁትን በቁጣ ተመለከታቸው፤ ስለ ልባቸው ድንዛዜም አዘነ፤ ወዲያው የሰለለችውን እጅ አዳነ (ማር. 3፥5)። ቁጣው በፈውስ ነው ያለቀው። ስለዚህ የሚቆጣውን ተወዳዳሪ ስንሰማ ጣቱ ወዴት እንደሚያመለክት እንይ። በደሉን በስሙ ጠርቶ መፍትሔውን ከነገረን እንስማው። አንድን ሕዝብ በስሙ ጠርቶ ዝም ካለ ግን ድሜጥሮስ ነው።

የኤፌሶንን ሕዝብ የበተነው የከተማው ጸሐፊ ነው፤ የሚገርመው አማኝ እንኳ አልነበረም። አስቀድሞ ዝም አሰኛቸው። በችኮላ ምንም እንዳያደርጉ ለመናቸው። ክስ ያለው ወደ ችሎት፣ ሌላ ጥያቄ ያለው ወደ ሕጋዊው ጉባኤ እንዲሄድ ነገራቸው።

በእኛም አገር የምርጫ አዋጁ (ቁጥር 1162/2011) ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት 4 ቀናት ቅስቀሳን ይከለክላል። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ እነዚህ ቀናት «የጥሞና ጊዜ» ተብለዋል። ቃሉ በገዳምም የተለመደ ነው፤ እንጠቀምበት እንጂ! የሮም ንጉሥ ቴዎዶስዮስ በ390 እ.ኤ.አ. ገደማ በቁጣ የተሰሎንቄን ሕዝብ ካስፈጀ በኋላ የሚላን ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ለንስሐ አበቃው፤ የሞት ፍርድም ከመፈጸሙ በፊት 30 ቀን እንዲቆይ ሕግ ማውጣቱን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። የእኛ አራት ቀን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የፖለቲካ ቻናሎችን ድምፅ እናጥፋ፤ የመጣልንን ወደ ቤተሰብ ግሩፕ አናስተላልፍ። በሁለተኛው ቀን በአንድ ወረቀት ላይ የሰፈራችንን ሦስት ችግሮች እንጻፍ፤ በየአንዳንዱ ትይዩ ተወዳዳሪው አደርገዋለሁ ያለውን፣ በምን ገንዘብና በስንት ጊዜ እንደሆነ እንሙላ። ስድቡን እንሰርዝ። ወረቀቱ ባዶ ከቀረ ያም አንድ መልስ ነው። የቀሩት ሁለት ቀናት የጸሎት ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዳንዱ ነገሩን ሁሉ ለመጨረሻዋ ሌሊት ያቆየዋል፤ የወራት ቁጣ ግን በአንድ ሌሊት አይበርድም። ሌላው ጸሎቱን ክስ ያደርገዋል፣ «እነዚያን አጥፋልኝ» ይላል። ጳውሎስ ስለ ነገሥታት ጸልዩ ያለው (1ጢሞ. 2፥1-2) ቄሣሮቹ አረማውያን በነበሩበት ዘመን ነው።

ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው ይለጠፋል። ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ። በማግሥቱ ቡና የማፍላቱ ተራ ማንን ብትመርጥም የዚያችው ጎረቤት ነው፤ ስትጠራን በሰዓቱ እንገኝ።