«ፍሬ ካለ ወፍ አይጠፋም»፦ ስለ ደን ወፎችና ስለ ዱር ተክሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የደን ወፎችን እንጠብቅ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ መትከልን ነው። አይከፋም። ነገር ግን ወፍ የምትኖረው በፍሬ ብቻ አይደለም፤ በቅጠሉ፣ በትሉ፣ በተቀጽላው፣ በደረቀው ግንድም ጭምር ነው። ዓይን የሚስበው ፍሬው ስለሆነ ሌላውን እንረሳዋለን፣ አንዳንዴም በገዛ እጃችን እንነቅለዋለን። ደጋግመው የሚሰሙትን አመለካከቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፍሬ በሽ በሽ ከሆነ ወፎቹ ጫጩት ያሳድጋሉ»

የዱር ፍሬ ባብዛኛው ውሃና ስኳር ነው፤ ፕሮቲን ያንሰዋል። ጫጩት ደግሞ ከእንቁላል ወጥታ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥጋ፣ አጥንትና ላባ ማውጣት አለባት፤ ይህ በስኳር አይሆንም። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ፍሬና ዘር ሲለቅሙ የሚውሉ ትንንሽ ወፎች እንኳ ጫጩት ሲይዙ ወደ ትልና አባጨጓሬ አደን ይዞራሉ። ካሮላይና ቺካዲ የምትባለው የሰሜን አሜሪካ ወፍ ብትመዘን 10 ግራም ገደማ ናት። እሷና ወንዱ የአንድ ጎጆ ጫጩቶችን ለማብረር ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ይለቅማሉ።

አባጨጓሬ በበኩሉ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም። አብዛኞቹ ቅጠል በል ነፍሳት የለመዱት ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረውት የኖሩትን ተክል ነው። ከሌላ አህጉር የመጣ ዛፍ ቅጠሉ አንድም ቀዳዳ ሳይወጣለት ይከርማል፤ ለሰው ዓይን ያማረ ነው፣ ለወፏ ግን ባዶ ገበታ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ የመኖሪያ ግቢዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተክሉ ከ30 በመቶ በላይ የሚሆነው አገር በቀል ባልሆነበት ቦታ ቺካዲዎቹ የሞቱባቸውን የሚተካ ያህል ጫጩት ማሳደግ አልቻሉም። እንግዲህ የተበሳሳ ቅጠል ያየ ሁሉ ወደ ፀረ ተባይ ከሮጠ የሚነጥቀው የጫጩት ቀለብ ነው።

«ወፎች ከበሉት ተስማምቷቸዋል ማለት ነው»

ናንዲና የሚባል ቀይ ፍሬ የሚያፈራ የእስያ ቁጥቋጦ ለጌጥ ተብሎ በብዙ አገር ተተክሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ሴዳር ዋክስዊንግ የሚባሉ ወፎች በመንጋ ሞተው ተገኙ፤ ሲመረመሩ ሆዳቸው በናንዲና ፍሬ ተሞልቷል። ፍሬው ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚፈጥር ንጥረ ነገር አለ። አንድ ሁለት ፍሬ የቀመሰች ወፍ ምንም ላትሆን ትችላለች፤ ዋክስዊንግ ግን በመንጋ ሰፍራ እስክትሞላ ድረስ የምትውጥ ወፍ ናት።

ጉዳቱ ሁልጊዜ ሞት አይደለም። እነዚሁ ወፎች የመጤ ሀኒሳክል ቁጥቋጦ ፍሬ በበሉበት አካባቢ ቢጫው የጅራታቸው ጫፍ ብርቱካናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ቀለሙ በቀጥታ ከፍሬው የሚመጣ ነው። በሌላ በኩል ላንታና ወይም የወፍ ቆሎ የሚባለው የመካከለኛና የደቡብ አሜሪካ ቁጥቋጦ አለ፤ ወፎች ይወዱታል፣ ዘሩንም በኩሳቸው ያዛምቱታል፣ በዚህም የተነሳ በብዙ ሞቃታማ አገሮች አገር በቀሉን ተክል እየዋጠ ነው። የወፍ ምርጫ ምስክርነት ሊሆን አይችልም።

የዚህ ተቃራኒ ስህተትም አለ፤ ለእኛ መርዝ ወይም የማይቀመስ የሆነውን ሁሉ ለወፍም እንዲያ ይመስለናል። የዱር ቃሪያ አጥቢ እንስሳትን አፍ ያቃጥላል፤ ወፎች ግን ማቃጠሉ አይሰማቸውም። ለተክሉም ይህ ይበጀዋል፤ አጥቢዎቹ ዘሩን ሲያደቁት በወፎቹ ሆድ ግን ሳይጎዳ ያልፋል።

«ተቀጽላ ዛፍ ገዳይ ስለሆነ መነቀል አለበት»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በቅን ልቦና ብዙ ጥፋት የሚሠራው በዚህ ነውና። ተቀጽላ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሥር ሰዶ ውሃና ማዕድን ይወስዳል፤ ከልክ በላይ ሲበዛበት ዛፉ መዳከሙም እውነት ነው። ነገር ግን ተቀጽላው ራሱ አረንጓዴ ቅጠል ያለውና ምግቡን በፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጅ ተክል ነው። አበባው ማር ለሚቀስሙ ወፎች፣ ፍሬው ለፍሬ በሎቹ፣ ጥቅጥቅ ያለው ቁጥቋጦው ደግሞ ለጎጆ ይሆናል።

የሚዛመትበትም መንገድ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። ዘሩ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ለብሷል። አውስትራሊያ ውስጥ ሚስልቶበርድ የሚባለው ትንሽ ወፍ ፍሬውን ይውጠዋል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘሩ በሆዱ አልፎ ይወጣል። መሬት ከወደቀ የዘሩ ነገር አበቃ። ወፉ ግን ቅርንጫፉን ተከትሎ ጎን ለጎን ይቆምና ኩሱን እንጨቱ ላይ ያሳርፋል፤ ዘሩም እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። አፍሪካ ውስጥ ቲንከርበርድ የሚባሉት ወፎችም ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ የሚያጣብቀውን ዘር ከምንቃራቸው ላይ ቅርንጫፍ ላይ ጠርገው ያራግፉታል።

አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ዴቪድ ዋትሰን በኒው ሳውዝ ዌልስ ከተወሰኑ የዛፍ አካባቢዎች ተቀጽላውን ሙሉ በሙሉ አስነቅሎ ካልተነካኩት ጋር አነጻጸረ። ከሦስት ዓመት በኋላ በተነቀለባቸው ቦታዎች የወፍ ዝርያዎች በግልጽ ቀንሰው ነበር። የሚገርመው ይበልጥ የተጎዱት ፍሬ በሎቹ ሳይሆኑ መሬት ላይ ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች መሆናቸው ነው። ምክንያቱ ከወደቀው ቅጠል ይጀምራል። አብዛኞቹ ዛፎች ቅጠላቸው ከመርገፉ በፊት ንጥረ ነገሩን መልሰው ይስቡታል፤ ተቀጽላ ግን ቅጠሉን ከነንጥረ ነገሩ ይጥለዋል። ያ ቅጠል ከሥር ያለውን አፈር ያዳብራል፣ ነፍሳቱ ይበዛሉ፣ ወፎቹም ይከተላሉ። ለነቃዩ ግን ተቀጽላው ጥገኛ ብቻ ነበር።

«ዘር በወፍ ሆድ ካላለፈ አይበቅልም»

ይህን ያስፋፋው በአብዛኛው ዶዶ የምትባለው የጠፋች ወፍ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ ተመራማሪ፣ የሞሪሸሱ ታምባላኮክ ዛፍ አልበቅል ያለው ዘሩን የምትውጥለት ዶዶ ከምድረ ገጽ ስለጠፋች ነው ሲል ጻፈ። ታሪኩ ያምር ስለነበር በየመጽሐፉ ገባ። በኋላ ግን ከዶዶ መጥፋት ወዲህ የበቀሉ ዛፎች እንዳሉ፣ ዘሩም ሳይዋጥ ሊበቅል እንደሚችል ታወቀ።

ወፍ ለዘር የምትውለው ትልቁ ውለታ ሁለት ነው፤ ሻጋታ የሚስበውን ሥጋውን ታወልቅለታለች፣ ከእናት ዛፉም ታርቀዋለች። ከእናት ዛፍ ሥር የወደቀ ዘር ያንኑ ዝርያ የለመዱ ነቀዞች፣ አይጦችና ፈንገሶች ይጠብቁታል። በኮስታሪካ ሞንቴቨርዴ ደን ቤልበርድ የሚባለው ፍሬ በል ወፍ ወንዱ የሚዘምረው፣ ዛፍ ወድቆ ክፍት በሆነ ቦታ ዳር፣ ከፍ ያለ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ነው። ዘሩንም እዚያው ይጥለዋል፤ ብርሃን ስለሚያገኝ ጥላ ሥር ከወደቀው የተሻለ የመትረፍ ዕድል አለው።

«ወፎቹ ቢጠፉም ደኑ ይኖራል»

ለጊዜው፣ አዎ። በፓስፊኩ ጉዋም ደሴት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመርከብ ጭነት የገባ ቡናማ የዛፍ እባብ ከ12ቱ አገር በቀል የደን ወፎች 10ሩን አጠፋ። ዛፎቹ ዛሬም ቆመዋል፤ ከሩቅ ያየ ምንም የጎደለ አይመስለውም። ውስጡ ሲገባ ግን ሸረሪት በዝቷል፣ ፍሬውም ከየዛፉ ሥር ተከምሮ ይበሰብሳል፣ በወፍ የሚዘራው ችግኝ ሳስቷል።

«አንድ ዓይነት የፍሬ ዛፍ በብዛት መትከል ይበቃል»

ሁሉም ዛፍ በአንድ ወር ካፈራ ወፎቹ ለአንድ ወር ጠግበው አሥራ አንድ ወር ይቸገራሉ። ዋናው ጥያቄ ስንት ፍሬ ሳይሆን መቼ የሚል ነው። የሾላና የዋርካ ወገን የሆኑ ዛፎች የተለየ ቦታ የሚይዙት ለዚህ ነው። አበባቸው ከፍሬው ውስጥ ተደብቆ የሚያድግ ሲሆን የሚያዳቅሉት ጥቃቅን ተርቦች ናቸው፤ ተርቧ ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ አንድ ሁለት ቀን ስለሆነ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ የተዘጋጀ ዛፍ መኖር አለበት። በዚህ የተነሳ ዛፎቹ በየተራ ያፈራሉ፣ ሌላው ሁሉ ባዶ በሆነበት ወርም ፍሬ ይገኛል። ከእነዚህ ዛፎች ሲመገቡ የተመዘገቡ ወፎችና አጥቢዎች ከ1,200 ዝርያ በላይ ናቸው።

ተሰዳጆቹንም ማሰብ ያስፈልጋል። ጋርደን ዋርብለር የምትባለው ነፍሳት በል ወፍ ከአውሮፓ ተነስታ ሰሃራን ከማቋረጧ በፊት ፍሬ እየበላች ክብደቷን እጥፍ ልታደርስ ትችላለች። በመንገዷ ላይ ያለ ቁጥቋጦ ያለጊዜው ከተመነጠረ ስንቋ ይጎድላል።

«ፍሬ መልቀም መከልከል አለበት»

አያስፈልግም። ቅርንጫፉን ሳይሰብሩ ለቅሞ ከላይ ያለውን ለወፎቹ መተው በቂ ነው።

«የደረቀ ዛፍ ቦታ ይይዛል፣ ይቆረጥ»

በሰው ላይ የሚወድቅ ካልሆነ ይቆይ። ግንደ ቆርቁሮች ጎጆ ይፈለፍሉበታል፣ መፈልፈል የማይችሉት ደግሞ የተተወውን ጎጆ ይወርሳሉ። በተመነጠረ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ደረቅ ዛፍም ሥራ አለው፤ ፍሬ በልታ የመጣች ወፍ አርፋበት ኩሷን ስትጥል ከሥሩ የደን ዘር ይከማቻል። ደን መልሰው የሚያለሙ ሰዎች ለዚሁ ብለው ረጃጅም እንጨት የሚያቆሙበት ጊዜ አለ። ዘሩ በእርግጥ ይመጣል፤ ከሥር ያለው ሣር ካልተነሳለት ግን ብዙው ሳይበቅል ይቀራል።