ኮከቧ ፋይል ስታጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተርሚናል ላይ ፋይል የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ ይዘን «ኤልኤስ ደብዳቤ*» ብለን ስንጽፍ፣ ኮከቧ (*) ማንኛውንም ጽሑፍ ስለምትወክል፣ በ«ደብዳቤ» የሚጀምሩ ፋይሎች ይዘረዘራሉ። እንደዚያ የሚጀምር አንድም ፋይል ከሌለስ? ብዙ ስክሪፕት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

«ኮከቧን የሚፈታት ፕሮግራሙ ነው።»
አይደለም፣ ሼሉ ነው፤ ማለትም የምንጽፈውን ትዕዛዝ ተቀብሎ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ፕሮግራም። ትዕዛዙ ከመነሳቱ በፊት ሼሉ ፎልደሩን አይቶ ኮከቧን በፋይል ስሞች ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይህን የሚሠራው ግሎብ የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር።

«ፋይል ከሌለ ኮከቧ ትጠፋለች።»
ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ባሽ የሚባለው ሼል የሚመሳሰል ፋይል ካጣ ጽሑፉን ከነኮከቧ እንዳለ ለፕሮግራሙ ያቀብላል። ኤልኤስ «ደብዳቤ* የሚባል ፋይል የለም» ብሎ ሲመልስ ኮከቧን እዚያው መልእክቱ ውስጥ ታዩዋታላችሁ። ለእያንዳንዱ ፋይል ትዕዛዝ የሚደጋግም ሉፕ ላይ ሲሆን ይብሳል። ጭራሽ አይዞርም ያላችሁት ሉፕ አንዴ ይዞራል፣ የፋይሉም ስም «ደብዳቤ*» ይሆናል። ውስጡ ፋይል የሚፈጥር ትዕዛዝ ካለ፣ ስሙ ላይ የእውነት ኮከብ ያለበት ፋይል ይፈጠራል። በኋላ እሱን ላጥፋ ብላችሁ «አርኤም ደብዳቤ*» ካላችሁ፣ እስከዚያ የተጠራቀሙት ደብዳቤዎች ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። እባካችሁ፣ ስሙን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብታችሁ አጥፉት።

«ሁሉም ሼል አንድ ነው።»
ዜድ ሼል ፋይል ካጣ ትዕዛዙን ሳያስነሳ ኤረር ይሰጣል። ማክ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሳይቀየር የሚያስነሳው ሼል እሱ ስለሆነ፣ ባሽ ላይ ለዓመታት የሠራ መስመር እዚያ ቢቆም አይግረማችሁ።

«ነልግሎብን ካበራሁ ተገላገልኩ።»
ይህ የባሽ ማስተካከያ ሲበራ ፋይል ያጣች ኮከብ በእርግጥ ትጠፋለች። ለሉፕ ግሩም ነው። ግን «ኤልኤስ ደብዳቤ*» ባዶ «ኤልኤስ» ሆኖ ይቀርና በፎልደሩ ያለውን ሁሉ ይዘረግፍላችኋል። የፋይል ይዘት የሚያሳየው ካት ደግሞ ፋይል ስላልተሰጠው ከኪቦርድ ጽሑፍ እየጠበቀ ይገተራል። እኔ ከሉፕ ውጭ ፌይልግሎብ የሚባለውን ሌላ የባሽ ማስተካከያ እመርጣለሁ። ፋይል ከሌለ ትዕዛዙን አያስነሳውም፣ ምክንያቱንም ይናገራል።

«ፋይል ለሚፈልገው ፋይንድ ኮከብ ያለበት ስም ስንሰጥ ጥቅስ አያስፈልግም፣ ያለሱም ይሠራል።»
የሚሠራው አሁን ባላችሁበት ፎልደር የሚመሳሰል ፋይል ስለሌለ ብቻ ነው፤ ኮከቧ ሳትነካ ፋይንድ ጋ ትደርሳለች። አንድ ቀን «ደብዳቤ1» እዚያ ይቀመጣል። ያኔ ሼሉ ኮከቧን በእሱ ይተካታል፣ ፋይንድም በየፎልደሩ የሚፈልገው «ደብዳቤ1»ን ብቻ ይሆናል። ሌሎቹን ይዘላቸዋል፣ ኤረርም አይሰጥም።